ኳሷ አናባቢ ትበላብኛለች፤ ባለ ትራክቦል ትንሽ ኪቦርድ ለአማርኛ ጽሕፈት ይሆናል?

ጸሐፊዋ ከደብረ ማርቆስ፣ ጥር 4

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ማመልከቻና የክስ አቤቱታ፣ የሽያጭና የኪራይ ውል፣ አልፎ አልፎም የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ስጽፍ 11 ዓመት ሞላኝ። ክፍሏ ውስጥ ሦስት ሰው ከተቀመጠ አራተኛው ደጅ ይቆማል። ጠረጴዛዬ ላይ ላፕቶፑ፣ ማተሚያውና የደረሰኝ ጥራዙ አሉ፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ደግሞ መዝገቡን ከፌስታል አውጥቶ እዚያው ላይ ይዘረጋል። ለማውሴ የሚተርፋት ከመዳፌ ያልሰፋ ቦታ ነው። ወረቀት ላይ ትወጣለች፣ ጠቋሚው ይዘልላል፣ አንዳንድ ቀን ገመዷን እየጎተተች ከጠረጴዛው ትወድቃለች። ከአምና ጀምሮ ደግሞ የቀኝ እጄ አንጓ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል፤ ሊጥ በምጣድ ላይ ሳዞር እንኳን ይሰማኛል።

ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበርና በኅዳር ጽዮን ሰሞን ከውጭ ሲመጣ ትንሽ ሜካኒካል ኪቦርድ ይዞልኝ መጣ። በሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ለግራ እጅ፣ አንዱ ለቀኝ እጅ፣ መካከላቸውን አጭር ገመድ ያገናኛቸዋል። ቁልፎቹ 44 ብቻ ናቸው። በቀኙ በኩል፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ ትራክቦል የሚሏት 34 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ኳስ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች። በአውራ ጣቴ ስገፋት ጠቋሚው ይሄዳል፤ እጄ ከፊደሎቹ ላይ አይነሣም፣ ክንዴም ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ዕቃውን ለማማት አልመጣሁም፤ ወድጄዋለሁ። በተለይ አንድ ጥቅሙን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሁለቱን ቁራጮች ከአንድ ወረቀት ስፋት ትንሽ አስበልጬ ሳራርቃቸው የባለጉዳዩ መዝገብ በመካከላቸው ይገባል። 11 ዓመት ሙሉ የገለበጥሁት አንገቴን ወደ ግራ አዙሬ ነው። አሁን ወረቀቱ ከፊቴ፣ ከስክሪኑ ሥር ነው፤ ዓይኔን ብቻ ዝቅ ከፍ አደርጋለሁ።

ችግሬ ይህ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሉማሜ አንድ ሽማግሌ የቤት ሽያጭ ውል ሊያጽፉ መጡ። እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ እየጻፍሁ ከቤቱ ዝርዝር ላይ ደረስን፤ «ሁለት በር ያለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት» አሉኝ። ጽፌ አተምሁና ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ደጁ ብርሃን አዞሩትና ዳዊት እንደሚደግም ሰው በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። «ልጄ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?» አሉኝ። «ሁለት ብር ያለው ቤት» ይላል። አልተቆጡኝም፤ ወረቀቱን መለሱልኝና ደግሜ እስክጽፍ ዝም ብለው ጠበቁ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያ ጣት ከዓይኔ አልጠፋም። ሳያነቡ ፈርመውበት ቢሆንስ?

የምጽፈው ኪማን በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ተነባቢውን ብቻ ስነካ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢውን ስጨምር ይለወጣል። የእንግሊዝኛውን የቢን (B) ቁልፍ ስነካ ‘ብ’፣ የኢን (E) ስጨምር ‘በ’። ስለዚህ ‘በር’ ሦስት ቁልፍ ነው፤ የመካከለኛው ጠፍቶብኛል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የታኅሣሥን ሥራዎቼን ከፍቼ ብፈትሽ ‘ከሳሽ’ ‘ክሳሽ’ ሆኖ፣ ‘ለፍርድ ቤቱ’ ‘ልፍርድ ቤቱ’ ሆኖ፣ ስለ ቅኔ በተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ‘ሰም’ ‘ስም’ ሆኖ አገኘሁ። በሁሉም ላይ የጠፋው ይኸው የኢ ቁልፍ ነው። አልፎ አልፎም ጽሑፉ ከምጽፍበት መስመር ዘልሎ ሌላ አንቀጽ ውስጥ ይገባብኛል።

ወንድሜ ሲያስረዳኝ፣ ኳሷ ስትንቀሳቀስ ሦስት ቁልፎች የማውስ ሥራ ይይዛሉ ብሎኛል፤ ዲ የግራ ጠቅታ፣ ደብሊው የቀኝ ጠቅታ፣ ኢ ደግሞ ተጭኖ ሲያዝ ኳሷን ገጽ ማንሸራተቻ ያደርጋታል። እርሱ ተመልሶ ሄዷል፤ ከዚህ በላይ አላወቅሁም።

ሌላው ሺፍት ነው። በግራ ትንሿ ጣት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ፣ ኘ፣ ዠ፣ ሐ ሁሉም ሺፍት ይፈልጋሉ፤ ‘ጽሕፈት’ የሚለውን የሥራዬን ስም ለመጻፍ ብቻ ሁለት ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍትን የሚፈልገው በዓረፍተ ነገር መነሻና በስም ላይ ነው፤ እኔ በየቃሉ እፈልገዋለሁ። አንጓዬ ዕረፍት ሲያገኝ ትንሿ ጣቴ መታመም ጀመረች።

ድምፁም አለ። እያንዳንዱ ቁልፍ ቀጭ ይላል፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ እናት ሲመጡ ድምፃቸውን ይውጠዋል።

ወደ ማውሴ ልመለስ ወይስ መፍትሔ አለው? ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፤ የማደርገውን በተራ ቋንቋ ብትነግሩኝ። ትናንት አንድ ጠበቃ አይቶት «የሕፃን መጫወቻ» ብሎኝ ሄደ፤ መጫወቻ እንዳልሆነ ግን እጄ ያውቀዋል።

ከጣና ዳር፣ ጥር 4 ማታ

እህቴ፣ ጣትዎን አይውቀሱ። ባሕር ዳር ሆኜ ቀን ፕሮግራም፣ ማታ አማርኛ በእንዲህ ዓይነት ኪቦርድ ስጽፍ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ የእርስዎን ነገር በመጀመሪያው ወር እኔም አይቼዋለሁ።

የጠፉብዎትን ቃላት አንድ ጊዜ ደግመው ይመልከቷቸው፤ በር፣ ከሳሽ፣ ለፍርድ፣ ሰም። በሁሉም ላይ አናባቢው የጠፋው ከመጀመሪያው ፊደል ነው። ከመጀመሪያው ፊደል በፊት ምን አለ? ክፍተት። የክፍተቱ ቁልፍ የት ነው? እንደምገምተው በቀኝ አውራ ጣት፣ ከኳሷ አጠገብ። አውራ ጣትዎ ክፍተቱን መትቶ ሲመለስ ኳሷን ትንሽ ይገፋታል፤ ነገሩ ከዚያ ይጀምራል።

እንዲህ ነው የሚሆነው። በኪቦርዱ ውስጥ ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በብዙዎቹ ላይ ኪው ኤም ኬ የሚባለው ነው። 44 ቁልፍ ለሁሉም ስለማይበቃ ቁልፎቹ ንብርብር አላቸው፤ አንዱ ቁልፍ በአንደኛው ንብርብር ፊደል፣ በሌላው ቁጥር፣ በሌላው የማውስ ጠቅታ ይሆናል። የእርስዎ ኪቦርድ ኳሷ በተነካች ቁጥር የማውሱን ንብርብር ራሱ ይከፍተዋል፤ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። በኪው ኤም ኬ መነሻው 650 ሚሊሰከንድ ነው። ጥቂት ይመስላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን እርስዎ ሦስት ቁልፍ ይነካሉ። ቢ የማውስ ሥራ ስላልተሰጠው ‘ብ’ ብሎ ያልፋል። ኢ በዚያች ቅጽበት ገጽ ማንሸራተቻ ሆኗል፤ ተነክቶ ሲለቀቅ ምንም አይጽፍም፣ ስክሪኑም ላይ ምንም አይታይም። ጽሑፉ ወደ ሌላ አንቀጽ የሚዘልለው ደግሞ ዲ በዚያው አጋጣሚ የግራ ጠቅታ ሲሆን ነው፤ ጠቋሚው የቆመበት ቦታ ላይ ጠቅ ያደርግልዎታል።

በደንብ የተስተካከለ ኪው ኤም ኬ ለዚህ መከላከያ አለው። የማውስ ሥራ የሌለው ቁልፍ ሲነካ ንብርብሩን ይዘጋዋል፤ ከዚያም ለ200 ሚሊሰከንድ ያህል ኳሷ እንደገና እንዳትከፍተው ያግዳታል። ንብርብሩን ለመክፈትም ኳሷ ከተወሰነ መጠን በላይ መንቀሳቀስ አለባት። ‘ብ’ ከተጻፈ በኋላ ኢ ከጠፋ፣ በእርስዎ ላይ ይህ መከላከያ ተነሥቷል ወይም ወደ ዜሮ ወርዷል።

ቁጥሮቹን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርዎትም። ምክንያቱን ልንገርዎት፤ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህን ራሱን የሚከፍት ንብርብር የሠሩት ሰዎች በላቲን ፊደል የሚጽፉ ይመስሉኛል። በእነርሱ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ፊደል ሲጎድል ቃሉ ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ነው፤ ዓይን ሳይፈልገው ያየዋል። በእኛ ፊደል አናባቢው ሲጎድል የሚጎድል ነገር የለም፤ ሌላ ሙሉ ፊደል ተተክቶ ይቀመጣል። በር ብር ይሆናል፣ ሰም ስም ይሆናል፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ነው፣ ሁለቱም እኩል ያምራል። የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ቢኖርዎት እንኳን ያልፈዋል። ስለዚህ ለእነርሱ በሺህ ቃል አንዴ የሚታገሡት ስሕተት ለእርስዎ፣ ያውም በውል ሰነድ ላይ፣ አንድም ጊዜ መፈጠር የለበትም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ፊደሎቹን ኳሷ ራሷ ልትነጥቀው በምትችል ኪቦርድ ላይ መጻፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ ይህን ያድርጉ። ቪያ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በክሮም ላይ ይከፈታል፣ ኪቦርድዎ የሚደግፈው ከሆነ ስዕሉን ያሳይዎታል። የሚለውጡትን ቁልፍ ጠቅ ያደርጋሉ፣ ከታች ሥራውን ይመርጣሉ፤ ለውጡ ኪቦርዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ላፕቶፕ ቢቀይሩም አይጠፋም።

መጀመሪያ ክፍተቱን ከቀኝ አውራ ጣት ወደ ግራ አውራ ጣት ያዛውሩት። የቀኙ አውራ ጣት የኳሷ ብቻ ይሁን። ይህ አንዱ ለውጥ ብቻውን አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ግን ቀኙ ጣትዎ ባዶ ቦታ እየመታ ያስቸግርዎታል፣ ይታገሡት።

ከዚያ ራሱን የሚከፍተውን ንብርብር ያጥፉት። ብዙ ኪቦርዶች ለዚህ ማጥፊያ ቁልፍ አላቸው፤ ከሌለው ወንድምዎ ከሩቅ ሆኖ አዲስ የፈርምዌር ፋይል አዘጋጅቶ ይላክልዎት፣ እኔም ለማገዝ ዝግጁ ነኝ። በምትኩ በግራ አውራ ጣት በኩል ካሉት ቁልፎች አንዱን፣ ተጭኖ እስካለ ድረስ ብቻ የማውሱን ንብርብር የሚከፍት ያድርጉት። ጣትዎ ሲነሣ ንብርብሩ ይዘጋል። ኳሷ ብትነካ ጠቋሚው ይንቀሳቀስ ይሆናል እንጂ ፊደል አይጠፋም።

ሺፍቱን በተመለከተ፣ ለአማርኛ ከሁሉም የሚሻለው አንዴ ተነክቶ የሚለቀቀው ሺፍት ነው። ነክተው ይለቁታል፤ የሚቀጥለውን አንድ ፊደል ብቻ ለውጦ ራሱ ይጠፋል። እኛ ሺፍት የምንፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ተነባቢ ነው። ‘ጨ’ ሺፍቱን ነካ፣ ሲ፣ ከዚያ ኢ ነው። በእጅ የሚያዝ ሺፍት ቢሆን ጣትዎ ዘግይቶ ሲለቅቅ አናባቢው ኢም አብሮ ይለወጥና ‘ጨ’ ‘ጬ’ ይሆንብዎታል፤ ይህን ስሕተት ሳያዩት አይቀርም። ቦታው ደግሞ በግራ አውራ ጣት፣ ከክፍተቱ ቀጥሎ ይሁን። እንደ ‘ጤ’ ባሉት ላይ ሁለቱም ቁልፍ ሺፍት ስለሚፈልግ ተጭነው ይያዙት፤ ሲያዝ እንደ ተራ ሺፍት ይሠራል።

ሲጨርሱ ባዶ ገጽ ከፍተው «ሁለት በር» የሚለውን 50 ጊዜ በፍጥነት ይጻፉና ‘ብር’ የሚል ካለ ይፈልጉ። ውጤቱን ይንገሩን።

ጥገና ቤት፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 5

እታለም፣ የባሕር ዳሩ ወንድማችን የውስጡን ነግሮሻል፤ እኔ የላዩን ልንገርሽ። ዕቃ የምጠግን ሰው ነኝ።

ጊዜው ጥር ነው፤ ጤፍ የሚወቃበት። ከአውድማ የሚነሣው ብናኝ ከተማ ድረስ ይገባል። አንቺ ዘንድ ደግሞ ማተሚያ አለ፤ ቶነሩ ከዱቄት የረቀቀ ነው። ኳሷ በጎድጓዳዋ ውስጥ የምታርፈው በሦስት ትንንሽ ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። ብናኙና የጣትሽ ወዝ ተቀላቅሎ እነዚያ ነጥቦች ላይ እንደ ጥላት ይጋገራል። ያን ጊዜ ኳሷ ትንገራገጫለች፤ በቀስታ ስትገፊያት እምቢ ትልና ድንገት ትዘልላለች። ያ ዝላይ ላንቺ ጽሑፍ ጥሩ አይደለም።

ኳሷን አውጫት፤ ሳትጨነቂ ትወጣለች። ሦስቱን ነጥቦች በክብሪት እንጨት ጫፍ ወይም በጥርስ መፋቂያ ቀስ ብለሽ ጥረጊያቸው። መርፌ አትጠቀሚ፤ ይቧጭራቸዋል፣ የተቧጨረ ደግሞ አይመለስም። ከሥር የምታዪው ትንሽ መስኮት የኳሷን እንቅስቃሴ የሚያየው ዓይን ነው፤ በደረቅ ጥጥ አቧራውን አንሺለት እንጂ አትፈትጊው። ኳሷን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊያት። ቶነር የነካው ነገር ላይ ሙቅ ውኃ አታድርጊ፤ ሙቀት ያጣብቀዋል። ቅቤም፣ የስፌት መኪና ዘይትም እንዳታስነኪያት፤ የጣትሽ ወዝ ይበቃታል። በዚህ ወቅት በሳምንት አንዴ፣ ክረምት ሲገባ በወር አንዴ አድርጊው።

አሁን ከሁሉ በላይ የምለምንሽን ስሚኝ። ሁለቱን ቁራጮች የሚያገናኘው ገመድ ጫፉ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ክብ ከሆነ፣ ኪቦርዱ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ እያለ በፍጹም አትንቀዪው፣ አትሰኪውም። ያ ጫፍ ሲገባና ሲወጣ በየእርከኑ እየተንሸራተተ ኤሌክትሪኩን ከማይገባው ሽቦ ጋር ያገናኘዋል፤ በአንድ ጊዜ ሊያቃጥለው ይችላል። ባለጉዳይ መዝገቡን ሲያነሣ ገመዱን እንዳይጎትተው ከመዝገቡ ጀርባ አሳልፊው። ለመንቀል ስትፈልጊ መጀመሪያ የላፕቶፑን ገመድ፣ ከዚያ የመካከሉን።

ስለ ድምፁ፣ ቀጭ የሚሉት ብዙ ጊዜ ከቁልፎቹ ሥር ያሉት፣ ሰማያዊ ስዊች የሚባሉት ናቸው። ስዊቾቹ ብየዳ ሳይፈታ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆኑ በቀይ ቀይሪያቸው። ቀዩ ቀጭታ የለውም፤ በ45 ሴንቲኒውተን ኃይል ይወርዳል፣ 2 ሚሊሜትር ሲወርድ ፊደሉ ይመዘገባል፣ ሙሉ ጉዞው 4 ሚሊሜትር ነው። እስከ ታች መምታት እንደሌለብሽ ጣትሽ ሲለምድ ድምፁ የበለጠ ይቀንሳል፣ ጣትሽም ያርፋል። ስትነቅዪ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ፤ ስትሰኪ ሁለቱ እግሮች አለመታጠፋቸውን አይተሽ ነው።

ከዳንግላ፣ ጥር 6

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ ሞክሬው ስለ ተውሁት ነው። ባለ ኳስ ትንሽ ኪቦርድ ለአንድ ዓመት ተጠቀምሁ። ያስቸገረኝ ኳሷ አልነበረችም፤ የቁጥሩ ረድፍ አለመኖሩ ነው። ሕግ ነክ ጽሑፍ ቁጥር በቁጥር ነው፤ አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ የገንዘብ መጠን። ለእያንዳንዱ ንብርብር መክፈት አሰለቸኝ። አሁን የቁጥር ረድፍ ያለው ተራ ትንሽ ኪቦርድና ለብቻው የተቀመጠ ትራክቦል እጠቀማለሁ። ትራክቦል ራሱ ከቦታው ስለማይነቃነቅ እንደ ማውስ መንሸራሸሪያ አይፈልግም፤ የሚይዘው የተቀመጠባትን ቦታ ብቻ ነው። ኳሱን በግራ እጄ አድርጌዋለሁ፤ የቀኙ ሲያርፍ ሕመሙ ቀለለልኝ። እርስዎ የወደዱትን መተው ካልፈለጉ ግን ከዚሁ ዓይነት 61 ቁልፍ ያላቸው፣ የቁጥር ረድፍም ኳስም የያዙ አሉ።

ለጠበቃውም ይህን ይንገሩልኝ። ኳሱ ማውስ ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለራዳር ሥራ ራልፍ ቤንጃሚን የሠራው ነው፤ በ1952 ካናዳውያን ለባሕር ኃይላቸው ሲሠሩት የቦውሊንግ መጫወቻ ኳስ ተጠቅመዋል። የዳግላስ ኤንግልባርት የእንጨት ማውስ የመጣው በ1964 ነው።

ጸሐፊዋ ከደብረ ማርቆስ፣ ጥር 21

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ጥምቀት ስለ ነበረና ለመልመድም ጊዜ ስለ ፈለግሁ ዘገየሁ።

ክፍተቱ በቀኝ አውራ ጣት፣ ከኳሷ ጎን ነበር፤ ልክ እንደ ተባለው። ወደ ግራ አዛወርሁት። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት መከራ ነበሩ፤ 11 ዓመት የለመደ ጣት አይሰማም። በአምስተኛው ቀን ከደጀን የመጡ ባልና ሚስት የኪራይ ውል ሲያጽፉ አንድ ሙሉ ገጽ ሳላስበው ጻፍሁ። ራሱን የሚከፍተውን ንብርብር ወንድሜ አዲስ ፋይል ልኮ አጠፋልኝ፤ በስልክ እየመራኝ እኔው ራሴ ጫንሁት። «ሁለት በር» የሚለውን 50 ጊዜ ሳይሆን 200 ጊዜ ጻፍሁት። አንድም ብር የለበትም።

አንዴ ተነክቶ ስለሚለቀቀው ሺፍት የተነገረኝ ነገር እውነት ነው። ‘ጨ’ ‘ጬ’ የሚሆንብኝ በተራው ኪቦርድም ነበር፤ የጣቴ ድክመት አድርጌ ስቆጥረው ነው የኖርሁት። አሁን ‘ተጨማሪ’ን ስጽፍ ግራ አውራ ጣቴ ነካ አድርጎ ያልፋል። ትንሿ ጣቴ ማታ ላይ አትሰማኝም። አንጓዬ ገና ነው፤ ሊጥ ሳዞር አሁንም ይሰማኛል፣ ግን ሌሊት አይቀሰቅሰኝም።

እናት ዓለም ጥገና ቤት፣ ኳሷን ባወጣት ሦስቱም ነጥቦች ላይ ጥቁር ቀለበት ነበር፤ ቶነር ነው። በጥርስ መፋቂያ አነሣሁት። ከዚያ በኋላ ስገፋት ልክ በቅቤ በታሸ ሰሌዳ ላይ እንደምትንከባለል ሆነች፣ ቅቤ ግን አላስነካኋትም። የመካከሉን ገመድ ደግሞ ሳላውቅ በየማታው እነቅለው ነበር፤ ዛሬ ስጽፍ እንኳን ይዘገንነኛል። በመዝገቡ ጀርባ አሳልፌ በፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር አጣብቄዋለሁ። ቀይ ስዊች ወንድሜ ሲመጣ ያመጣልኛል።

የዳንግላው ወንድሜ ያሉት የቁጥሩ ነገር ልክ ነው። የመዝገብ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ሲበዛ ቀስ እላለሁ። ለጊዜው ቁጥሮቹን በቀኝ እጅ እንደ ሒሳብ ማሽን ሦስት በሦስት አድርጌ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ገንዘብ ስጽፍ ይመቻል፣ ቀን ስጽፍ ገና አልለመድሁትም። ለጠበቃው ነገርሁት፤ ኳሷን ለራሱ ገፋ ገፋ አድርጎ አያትና ዋጋዋን ጠየቀኝ።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። አራት ነጥብ ለመጻፍ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መምታት አለብኝ፤ ሁለት ነጥብ ደግሞ ራሱ ሺፍት ይፈልጋል። በአንዴው ሺፍት ሲሆን አራት ንክኪ ሆነብኝ፤ ነካ፣ ነጥብ፣ ነካ፣ ነጥብ። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ እጄ ይደናቀፋል።

ከጣና ዳር፣ ጥር 21

በጣም ደስ ብሎኛል። ለአራት ነጥቡ በቪያ ውስጥ ማክሮ የሚል ክፍል አለ፤ ተከታታይ ንክኪዎችን በአንድ ቁልፍ የሚያስመታ ነው። የመጀመሪያውን ባዶ ማክሮ ይክፈቱ፣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደግመው ያስገቡበት፣ ያስቀምጡት፤ ከዚያ ማክሮውን ለአንድ ቁልፍ ይስጡት። እኔ የሰጠሁት በቀኝ አውራ ጣት በኩል ክፍተቱ ለቅቆት ለሄደው ቁልፍ ነው። ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ እጅ ለአፍታ ቆም ስለሚል፣ ያን ጊዜ ኳሷ ብትነካም የሚጎዳ ነገር የለም።